እትዬ ዘነበች የማትጠራቸው መድኃኒቶች

ባለፈው ክረምት ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ሆሳዕና ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት ከፊቴ ለቆመው ደንበኛ የቪታሚን ቢ ብልቃጥ ከፍቶ ፍሬዎቹን ትሪ ላይ ሲያፈስ፣ ከልጅነቴ የማውቀው ሽታ ባንኮኒውን ተሻግሮ መጣ። እርሾ እርሾ ይላል፤ ግን እርሾ ያልሆነ፣ ምላስ ሥር ገብቶ የሚቀር ምሬት አለበት። የእናቴን መድኃኒት ተቀብዬ፣ እንደ ልማዴ የማብቂያ ጊዜውን ካረጋገጥኩ በኋላ ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ይዞብኝ የመጣው የዶዮገናን መድኃኒት ቤት ነበር፤ በተለይም ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ትሸጥ የነበረችውን፣ ቤተሰባችን ለዓመታት በጥርጣሬ ዓይን ያያትን ሴት።

ዶዮገና የገባነው አባቴ በግብርና ጽሕፈት ቤት ተመድቦ ነው፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ታይፒስትነት ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የማዳበሪያ ስም ስትመታ ውላ ወደ ቤት ስትመለስ የካርቦኑ ሰማያዊ ቀለም ከጣቶቿ ጫፍ አይጠፋም ነበር። ስሙ በትክክል ያልተጻፈ ነገር ለእሷ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስሙ የተደበቀ ነገር ደግሞ ከሌለውም የባሰ ነው። የአካባቢውን ሰው ቋንቋ፣ ከምባትኛን፣ አልለመደችም፤ ጎረቤቱንም፣ ገበያውንም፣ መሥሪያ ቤቱንም በአማርኛ ተወጣችው። እኔ ከልጆች ጋር ስሮጥ ጥቂት ለቃቅሜ ነበር፤ የለቀምኩት ግን የጨዋታውን ቋንቋ እንጂ የትልልቆቹን አልነበረም።

መድኃኒት ቤቱ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ደፉ ድረስ ስለሚወርድ ውስጡ ፋኖስ ይበራ ነበር። ያቋቋሙት አባባ ሜጊሶ ናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ሆነው ሠርተዋል፤ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መቀቀል፣ ቅባት መቀመም የተማሩት እዚያ ነበር። ኋላም የገጠር መድኃኒት ቤት ፈቃድ አውጥተው ይህን ቤት ከፈቱ። እኔ ሳውቃቸው ግን ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ምላሳቸው ከብዶ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ በመጋረጃ በተከለለች ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ይውሉ ነበር። ሥራውን የያዙት ልጃቸው ዳንኤልና ምራታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ዳንኤል መድኃኒት ሊያመጣ አዲስ አበባና ሆሳዕና ሲመላለስ ስለሚከርም፣ ገዢ ሲገባ የሚያገኘው አንዲት ሴትና አንድ መጋረጃ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ሳል ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል።

መደርደሪያው ላይ ቡናማ ጠርሙሶች፣ ሰፋፊ የኪኒን ብልቃጦች፣ የእከክ ቅባት፣ ለልጆች አፍ የሚቀባው ሐምራዊ ቀለም ተደርድረው ይታያሉ። ባንኮኒው ላይ የነሐስ ሚዛን ነበር፤ ክብደቶቹ በቬልቬት በተለበጠ ሣጥን ውስጥ እንደ ጌጥ ተቀምጠዋል። መድኃኒቱ የሚሰጠው ከደብተር ወረቀት በተጣጠፈች ትንሽ ከረጢት ሲሆን፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ፀሐይና ጨረቃ ይሳልባታል። ፀሐዩን የምትስለው እትዬ ዘነበች ነበረች፤ ጨረሩን በጥንቃቄ፣ አንዱን ከሌላው ሳታስበልጥ።

ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ የምታስር ሴት ነበረች። ኪኒኑን በቢላ ጀርባ እየገፋች ትቆጥራለች። አታወራም፤ ስታወራም ዓይኗን ከባንኮኒው አታነሳም። አስፕሪን፣ ሰልፋ፣ ፔኒሲሊን ስትል ቃሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌሎች መድኃኒቶች ላይ ስትደርስ ግን ስሙን ትዘለዋለች። “ለሆድ ትል የሚሆነው” ትላለች። “ቢጫው” ትላለች። አንድ ቀን ኳስ ስንጫወት ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ ሄጄ፣ ቀዩን የቁስል ቀለም እየቀባችልኝ፣ “የት ወደቅሽ?” አለችኝ።

“ሜዳ ላይ።”

“ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ በይ፤” አለችኝ፤ እያረመችኝ ይሁን እየቀለደችብኝ አልገባኝም። “የምትቀቢኝስ ምንድን ነው?” ስላት፣ “ቀይ ነው፤ አያቃጥልም” ብላ ጥጡን ጣለች።

ቤት ገብቼ ይህን ለእናቴ ስነግራት ከስፌቷ ቀና አለች። እሷም ታዝባ ኖሯል። የግብርናው፣ የትምህርት ቤቱና የወረዳው ሠራተኛ ሚስቶች ሁሉ ታዝበዋል። አንዳንዶቹ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቀኑን ፍቃ ትሸጣለች ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሽማግሌው ከመጋረጃው ኋላ በደህናው እጃቸው ዱቄት እየወቀጡ ኪኒን ይጠፈጥፋሉ ይላሉ። እኔ ያንን የሙቀጫ ድምፅ ሰምቻለሁና ሁለተኛውን አመንኩ። ለምን ይወቅጡ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ግን ከሁሉም የጠራ ሐሳብ ነበራት። “የምትጠራው የምታምንበትን ነው፤” አለችኝ። “የማትጠራው ሌላ ነገር ያለበትን ነው። ሰው ሐሰት በእጁ ይዞ ስሙን አፍ ሞልቶ መጥራት ይፈራል።”

ጥርጣሬው ጫፍ የደረሰው ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ የጻፈውን ወረቀት ይዘን እኔና እናቴ ሄድን። ቤቱ በገበያተኛ ተሞልቷል፤ እርጥብ ቡልኮና ትኩስ ጎመን ይሸታል። እትዬ ዘነበች ወረቀቱን አይታ አንድ ብልቃጥ አወረደች፤ ፍሬዎቹን በቢላዋ ጀርባ እየገፋች ወደ ከረጢቷ ጨመረች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች እናቴ።

“ለልጁ ነው። የአሜባ።”

“የአሜባ መሆኑንማ አውቄዋለሁ። ስሙን ነው የምጠይቅሽ።”

“ወረቀቱ ላይ አለ፣ እትዬ።”

“ወረቀቱንማ እኔም አነባለሁ። የሰጠሽኝ እሱኑ መሆኑን በምን ልወቅ?”

እትዬ ዘነበች ብልቃጡን አዙራ ጽሑፉን አሳየቻት።

“ብልቃጥ ውስጥማ ምን የማይጨመር አለ!” አለች እናቴ። “እኔ ቤት በዘይት ጠርሙስ ጋዝ ተቀምጧል።”

ከኋላችን የቆመ ገበሬ፣ “ጋዝ ከሆነማ ምን ከፋሽ፣ እትዬ፣ ልጁ ማታ ያበራልሻል፤” አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ዘነበች እንኳ ከንፈሯን ነከሰች። እናቴ አልሳቀችም፤ ከረጢቷን ነጥቃ እኔን በእጄ እየጎተተች ወጣች።

ቤት ስንደርስ አንዱን ፍሬ ሰብራ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው፤ በምላሷ ነካ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። ከብዙ ማመንታት በኋላ ለሰለሞን ሰጠችው፤ ጎን ለጎን ግን የሩዝ ውሃ አፍልታ ታጠጣው ጀመር። ሰለሞን ዳነ። ያዳነውም የሩዝ ውሃው ነው ተባለ፤ በቤታችን ዛሬም የሚባለው እንደዚያው ነው።

ያኔ በጣም ያስገርመኝ የነበረው የገበያተኛው ነገር ነበር። ገበሬው፣ ቅቤ ሻጯ፣ ድንች የጫነው ባለጋሪ፣ ሁሉም ያምኗታል። ሆዳቸውን ወይም ደረታቸውን ይነካሉ፣ ጥቂት ያወራሉ፣ እሷ ትሰጣቸዋለች፣ ፀሐይና ጨረቃውን አይተው ይሄዳሉ። የመድኃኒቱን ስም የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። “ስም ስለማያውቁ ነው የሚያምኗት” ትል ነበር እናቴ። እኔም ገበሬዎቹ ያልነቁበት፣ የእኛ ሰፈር ብቻ የነቃበት ተንኮል እንዳለ ይመስለኝ ነበር። ከእነሱ አንዱን ጠርቶ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ማናችንም አላሰብንም።

እናቴ አንድ ቀን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ሰው ወረቀት ስትመታለት ሳለ የልቧን ነገረችው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በገበያ ቀን፣ ከአውራጃው አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። እኔ አስፕሪን ልገዛ ተልኬ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ሁሉንም አየሁት። ሰውየው የቆዳ ቦርሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ የብልቃጦቹን ወገብ በብዕሩ እየነካ መጠየቅ ጀመረ።

“ይሄ?”

“አስፕሪን።”

“ይሄኛው?”

“ሰልፋ።”

“ይሄስ?”

“ለአሜባ የሚሆነው” አለች።

“እሱን አልጠየቅኩም። ስሙን።”

ከባንኮኒው ላይ ቢላዋን አነሳች።

“ቀዩ ጠርሙስስ?”

“ለቁስል።”

በዚህ ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ የአባባ ሜጊሶ ከባድ ምላስ እየተጎተተ ተሰማ። “ሜትሮኒዳዞል! ቀዩ... ሜርኩሮክሮም ነው!”

ሊረዷት ብለው ነበር። ተቆጣጣሪው ግን ሌባ የያዘ ያህል ፊቱ በራ። “እንዲያ ነው ለካ! ባለፈቃዱ ከአልጋ ላይ ሆነው ይነግሩሻል፣ አንቺ ትሸጫለሽ!”

እኔም በልቤ፣ ተያዘች፣ አልኩ። ያን ጊዜ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሴት፣ እማማ ሎሚጤ የሚሏት፣ ከት ብላ ሳቀች።

“ጌታው፣ ምን ነካህ? እንዴት ብላ ትጥራው! አማቷ እኮ ሜጊሶ ነው ስማቸው!”

ተቆጣጣሪው አልገባውም። እማማ ሎሚጤ ቅቤዋን አስቀምጣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዳችው። በከምባታ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን፣ በስሙ መነሻ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ በሌላ ቃል ታልፈዋለች። ባሊሻ ይባላል። “የእኔ አማት ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ዛሬም ያ ቃል ከአፌ አይወጣም። ምን መሆኑን ብትጠይቀኝም አልነግርህም!” ገበያተኛው በመስማማት አጉረመረመ።

“ይሄ እኮ ከምባትኛ አይደለም፤” አለ ተቆጣጣሪው። “አማርኛም አይደለም። የፈረንጅ ቃል ነው።”

“ቃሉ የፈረንጅ ይሁን። አፉ የእሷ አይደለም?”

ሰውየው ሳቁን እንደ ድፍረት ቆጠረው። ቦርሳውን ዘጋ። “ሕጉ አማት አያውቅም” አለ። “የሚሸጠውን መድኃኒት ጠርቶ ለገዢው የማይነግር ሰው እዚህ አይቆምም። ተመልሼ ስመጣ ወይ ትጠሪዋለሽ፣ ወይ በሩ ይታሸጋል።” እትዬ ዘነበች ቢላዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

የሰማሁትን ለእናቴ ስነግራት፣ “አማት!” አለች። “ጥሩ ሰበብ አግኝታለች።” እኔ ግን ማታ ተኝቼ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁት። የአሜባው ቢጫ ፍሬ፣ ቀዩ ቀለም፣ ያ ሜዳ እንኳ በ‘ሜ’ ይጀምራል፤ ሁሉም ገጠመ። ቢገጥምም አላመንኩትም። እናቴ እንዳለችው፣ በደንብ የተሰፋ ሰበብ ሁሌም ይገጥማል።

የእትዬ ዘነበች ልጅ አስቴር የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ለመዝሙሩ ስል ከእሷ ጋር አንዳንድ እሑድ ወደ ጸሎት ቤታቸው እሄድ ነበር፤ እናቴ ባትወደውም። ከተቆጣጣሪው መምጣት በኋላ በነበረው እሑድ ዳንኤልና ሌላ ሰው አባባ ሜጊሶን በወንበር ተሸክመው አስገቧቸው። ከቤት ከወጡ ዓመታት ስለሆናቸው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ስብከቱ ሲያልቅ እጃቸውን አነሱ፤ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ቆሙ። መጀመሪያ በከምባትኛ፣ ቀጥለው ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገሩ። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ በጭንቅ ይወጡ ነበር።

“ሜጊሶ የሚለውን ስም ያወጣልኝ አባቴ ነው። የሰው አፍ እንዲያስር ብሎ አላወጣውም። ልጄ ዘነበች በዚህ ስም ምክንያት እንጀራዋን ልታጣ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዮሐንስ በሉኝ። በፊተኛው ስም የሚጠራኝን ሰው አልሰማም።”

ቤቱ ውስጥ የተነሳውን ጉምጉምታ አልረሳውም። ሽማግሌ ለምራቱ ሲል አባቱ ያወጣለትን ስም ጣለ ማለት ነው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እትዬ ዘነበች በሴቶቹ መካከል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር። ደስታ ወይም እፎይታ እፈልግባት ነበር፤ ያየሁት ግን የትከሻዋን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። አስቴር በማግስቱ፣ “እናቴ እህል አልቀመሰችም” አለችኝ።

ተቆጣጣሪው ሲመለስ መንገዱ ዳር ሁሉ ሰው ነበር። እናቴ የጽሕፈት መኪናዋን ሸፍና መጥታ ነበር፤ በጉዳዩ የምትሰማውን ሳይሆን የምታየውን ማመን ፈልጋ። እኔ በብብቷ ሥር ቆሜ ነበር። ሰውየው ጊዜ አላጠፋም፤ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ራሱ አወረደ።

“አማትሽ ስማቸውን ለወጡ አሉኝ” አለ። “እንግዲህ ምን ቀረ?”

እትዬ ዘነበች አልመለሰችለትም። ጀርባዋን ሰጠችውና ወደ መጋረጃው ዞረች። አንገቷን ደፍታ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ትንሽ ቆየች። ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ከዚያ እዚያው እንደዞረች፣ ለእኛ ሳይሆን ለመጋረጃው፣

“ሜትሮኒዳዞል” አለች።

“ሜቤንዳዞል። ሜርኩሮክሮም።” እሾህ ከእግር እንደሚነቀል ቃሉን እያቆመች፣ እያረፈች አወጣችው። መሐል ላይ አልተወችውም። ስትጨርስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

“ይኸው!” አለ ተቆጣጣሪው ብልቃጡን እየመለሰ። “ቀላል ነው እኮ።”

በሩ አልታሸገም። ስንወጣ እናቴ፣ “አየሽ፣ ይቻላል፤ ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዟት ነበር?” አለችኝ። እኔ ግን ያየሁት እማማ ሎሚጤን ነበር። ቅቤዋን አንስታ፣ ወደ ባንኮኒው ሳታይ፣ ቀድማን ወጥታ ሄዳለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥርጣሬው ሰፈር ለወጠ። የሠራተኛው ሚስቶች መድኃኒት ቤቱን አመኑት፤ የሚገዙትን ስሙን ሰምተው፣ ረክተው ይወጡ ነበር። ገበያተኛው ግን ቀረ። “ያንን ከጠራች ምን የማትለው አለ? ያንን ካደረገች ምን የማታደርገው አለ?” ይባል ጀመር። ሆዳቸውን እየያዙ በሯን አልፈው አንጋጫ ድረስ የሚሄዱ ሴቶችን አይቻለሁ። በገበያ ቀን እንኳ አግዳሚው ወንበር ባዶውን ይውላል። እትዬ ዘነበች በሁለቱ መካከል ቆማ፣ ለሚጠይቋት ጥቂቶች እያንዳንዱን መድኃኒት ትጠራላቸዋለች፤ ከመጥራቷ በፊት ግን ሁልጊዜ ዓይኗን ወደ መጋረጃው ጣል ታደርጋለች። ፈቃዱ ዛሬም መኖሩን የምታረጋግጥ ይመስላል።

ይህን ያዩት ሽማግሌው ጓዳቸውን ትተው ወጡ። ፀሐይ ስትወጣ ዳንኤል ወንበራቸውን በሩ ላይ ያደርግላቸዋል፤ እዚያ ይውላሉ። የሚያልፈው ገበሬ ባርኔጣውን አንስቶ፣ “ጡማ፣ ሜጊሶ!” ይላቸዋል። እሳቸው ወደ ተራራው ያያሉ። ደግሞ ይላቸዋል። ተራራውን ያያሉ። ሰው ተሳለቀባቸው። “ጆሯቸውም እጃቸውን ተከትሎ ሄደ” አለ አንድ ባለጋሪ። አንዳንዱ እየሳቀ፣ “እሺ፣ ዮሐንስ፣ እንደምን አደርክ?” ሲላቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ጤናውን ይጠይቃሉ፤ ሚስቱን፣ ከብቱን፣ የጥርሱን ሕመም ይጠይቃሉ፤ ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ወደ ውስጥ ያሳዩታል። በር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌን ረግጦ ማለፍ ነውር ስለሆነ ሰዉ ቀስ በቀስ ቆሞ መጫወት፣ ከዚያም መግባት ጀመረ። ሁሉም አልተመለሱም። እማማ ሎሚጤ በሩ ላይ ቆማ ታወራቸዋለች እንጂ ደፉን አትሻገርም ነበር። እናቴ ይህንንም አላመነችውም። “ደንበኛ መሳቢያ ነው ያስቀመጡት” ትል ነበር፤ ፈጽሞ ተሳስታለች ለማለትም አልደፍርም።

ሽማግሌው ያረፉት እኔ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሆሳዕና ልሄድ ስዘጋጅ ነው። ለቅሶው ላይ ሰው ከአንጋጫም፣ ከሀደሮም፣ ከየመንደሩ መጣ። አልቃሾቹ የቤቱን ደጅ ሞልተው ደረታቸውን እየመቱ፣ “ሜጊሶ! ሜጊሶ!” ይላሉ። ሞት የገባበት ቤት ውስጥ ሌላ ስም ለማንም ትዝ አላለውም፤ በጸሎት ቤት የተናገሩትን የሰሙትም እንኳ በዚያው ስም አለቀሱ። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ ፊት ነበረች። ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። ምራት ሆና አማቷን ለማልቀስ ድምፅ የላትም፤ ሁሉም የሚጠራውን እሷ አትጠራውም። ሰዎች ሲያዩዋት አየሁ። አታለቅስም፣ ይሉ ነበር ዓይኖቻቸው፤ ልብ የላትም።

አስከሬኑ ከበር ሲወጣ አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

“ዮሐንስ! ዮሐንስዬ! አባቴ ዮሐንስ!”

አልቃሹ ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ። እትዬ ዘነበች ብቻዋን ትጠራቸው ነበር፤ ለእሷ ሲሉ በወሰዱት፣ ማንም ከልቡ ባልጠራቸው ስም። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ በጥርጣሬ፣ “ዮሐንስ የሚለው ለደንበኛ አልነበር እንዴ? ማንን ነው የምታለቅሰው?” አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከጎናችን ቆማ የነበረችው እማማ ሎሚጤ ደረቷን መታች። “ዮሐንስ!” አለች። ሌላ ሴት ተቀበለቻት። ሌላም። ሁሉም አይደሉም፤ ግን አስከሬኑ መንገዱን እስኪያቋርጥ ድረስ በሁለት ስም ተለቀሰ።

እትዬ ዘነበች ያረፈችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለቅሶ ልደርስ ከሆሳዕና ወጣሁ። ቤቱ በብሎኬት ተሠርቷል፤ አስቴር ፋርማሲ ተምራ ይዛዋለች፤ ከበሩ በላይ “ዮሐንስ መድኃኒት ቤት” የሚል ሰሌዳ አለ። ወጣቶቹ የቅዱስ ስም ይመስላቸዋል አለችኝ። ማታ ሰው ሲቀል ከኋላ ክፍል ተቀምጠን ለዓመታት በልቤ የነበረውን ጠየቅኳት። ፈቃዱ ከተሰጣት በኋላ ለእናቷ መድኃኒቶቹን በስማቸው መጥራት ቀልሏት ነበር ወይ አልኩ።

“እንዴት ይቅለላት?” አለች አስቴር። “ባንኮኒው ላይ ስትጠራቸው ትውላለች። ማታ በሩን ስትዘጋ በዚያ ኩባያ ውሃ ቀድታ አፏን ትጉመጠመጣለች፤ ከዚያ ነው ወደ አባባ ክፍል ገብታ እራታቸውን የምታቀርበው። እሳቸው ካረፉም በኋላ አልተወችውም።”

በአገጯ ወደ ኋላው መስኮት አመለከተች። ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ የብረት ኩባያ ተደፍቶ ተቀምጧል።

“አንቺስ?” አልኳት፤ ባለትዳር ናትና።

“የእኔ አማት ስም ምንም መድኃኒት አይነካም፤” ብላ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ስትወለውል አየኋት። ጨርቁን በኩባያው ዙሪያ አሳልፋ፣ ኩባያውን ሳታነሳው፣ ወለወለች።